«ሁለት ዓመት ሱቅ ስጠብቅ ነበር ብዬ እንዴት ልንገራቸው?»

ጥያቄ፦

ለተከበሩ የዓምዱ አማካሪ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። በአካውንቲንግና ፋይናንስ በ2015 ዓ.ም. ተመርቄ በዚያው ዓመት መሰጠት የጀመረውን የመውጫ ፈተና አልፌአለሁ። ጓደኞቼ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲገቡ እናቴ በጠና ታማ ስለነበር እኔ ወደ ደብረ ብርሃን ተመልሼ እሷን ሳስታምምና ትንሿን ሱቋን ስጠብቅ ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን እግዚአብሔር ይመስገን ተሽሏታል፤ ታናሽ ወንድሜም ሱቁን ያግዛታል።

ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ነበር። ስለ ራሴ እንድናገር ሲጠይቁኝ በእንግሊዝኛ ጽፌ በቃሌ ያጠናሁትን ማለት ጀመርኩ፤ ጥቂት እንደሄድኩ ግን ሁሉም ነገር ከአእምሮዬ ጠፋ። ዝም ስል ከጠያቂዎቹ አንዱ አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ሲቪዬን እያገላበጡ በአማርኛ «ከተመረቅሽ በኋላ ምን ስትሠሪ ቆየሽ?» አሉኝ። «ምንም» ብዬ መለስኩ። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየሁም።

አሁን አንድ የግል ባንክ ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛነት ያወጣውን የጽሑፍ ፈተና አልፌ ከሁለት ሳምንት በኋላ ዋናው መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት፣ የሥራ ቦታ፦ ባንኩ በሚመድበው ቅርንጫፍ» ነው የሚለው። ጓደኛዬ ግን «ልምድ ያላቸውም ይመጣሉ፤ ባዶ እጅሽን አትሂጂ» ብላ ከምታውቀው ድርጅት የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላጽፍልሽ ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ከጠያቂዎቹ መካከል የሚያውቀው ሰው እንዳለ ነግሮኝ «ስምሽን ብቻ ስጪኝ» ብሎኛል።

እኔ ሥራ የሚባል ነገር አልሠራሁም። አደረግሁ የምለው ቢኖር የዱቤውን ደብተር ማስተካከል ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ ደንበኛችን «ይህን ያህል አልወሰድኩም» ብለው ከእናቴ ጋር ከተቀያየሙ በኋላ ለእያንዳንዱ ባለ ዱቤ ትንሽ ደብተር ሰጥቼ የወሰደው ነገር በእኛም በእሱም ደብተር ላይ እንዲጻፍና እንዲፈረምበት አደረግሁ። ይህ ደግሞ ለባንክ ሰዎች የሚወራ ነገር አይደለም። የጓደኛዬን ልስማ? የአጎቴን? ወይስ እንዲሁ ሄጄ እንደ አምናው ልዋረድ?

ሰ. ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦

ውድ እህቴ ሰ.፣ ለጽሑፍ ፈተናው እንኳን ደስ ያለሽ። ደብዳቤሽ ውስጥ ይህ ዜና በአንድ መስመር ስላለፈ በደስታ የተቀበልሽው አልመሰለኝም፤ ስለዚህ ከዚያ ብጀምር ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ያለፈው ዓመት ቃለ መጠይቅ የተበላሸብሽ እንግሊዝኛው ስለጠፋብሽ እንደሆነ አድርገሽ ታስቢዋለሽ። ነገሩን በጽሞና ስመለከተው ግን እኔ ሌላ ነገር ይታየኛል። እኒያ ሰው ጥያቄውን ወደ አማርኛ መልሰው፣ ድምፃቸውንም አለዝበው የምታውቂውን ነገር እንድትነግሪያቸው ዕድል ሰጥተውሽ ነበር፤ አንቺም በአፍ መፍቻ ቋንቋሽ «ምንም» አልሻቸው። ይህ መልስ ከየት መጣ? ሁለት ዓመት ሙሉ እናትሽን ማስታመምና የቤቱ ገቢ እንዳይቋረጥ ማድረግ ሥራ ያልመሰለሽ ደመወዝ ስላልነበረው ነው? ወይስ ጓደኞችሽ ተቀጥረው ፎቶ ሲልኩልሽ አንቺ ወደ ኋላ የቀረሽ እየመሰለሽ መጥቶ ነው? ለእኔ መመለስ አይጠበቅብሽም፤ ነገር ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት ለራስሽ ብትመልሺው መልካም ይመስለኛል፤ አንቺ በውስጥሽ ያላከበርሽውን ነገር ጠያቂዎቹ ከአፍሽ ሰምተው ሊያከብሩት አይችሉምና።

አሁን ወደዚያ እንደ ዋዛ ጠቅሰሽ ወዳለፍሽው የዱቤ ደብተር ልመለስ። በትምህርት ቤት ተሰብሳቢ ሒሳብ ብለሽ የተማርሽው በሱቃችሁ ቋንቋ ዱቤ ይባላል። አንድ ደንበኛ የተመዘገበበትን ዕዳ ሲክድ ችግሩ የሽማግሌው ጠባይ ብቻ እንዳልሆነ አይተሻል፤ መዝገቡ በአንድ ወገን እጅ ብቻ መኖሩ ነው ጠቡን ያመጣው። መፍትሔ ያደረግሽውም ሁለቱም ወገን የሚያየው፣ ሁለቱም የሚፈርምበት መዝገብ መፍጠር ነው። ባንክ ውስጥ ይህ የውስጥ ቁጥጥር ይባላል። ለደንበኛ የቁጠባ ደብተር የሚሰጠው፣ ገቢና ወጪ የሆነበት ደረሰኝ የሚቆረጥለት፣ የሒሳብ መግለጫ የሚታተምለት በዚሁ ምክንያት ነው። ልዩነቱ የዕዳው አቅጣጫ ነው፤ በሱቁ ደንበኛው ለእናንተ ባለ ዕዳ ነበር፣ በባንኩ ግን ገንዘቡን ላስቀመጠው ደንበኛ ባለ ዕዳው ባንኩ ነው። ይህን በደንብ ያዥው፤ ለአካውንቲንግ ተመራቂ «ደንበኛ 1,000 ብር በቁጠባ ሒሳቡ ቢያስገባ በባንኩ መዝገብ እንዴት ይመዘገባል?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው። ጥሬ ገንዘቡ ዴቢት፣ የደንበኛው ሒሳብ ክሬዲት ይሆናል፤ ተቀማጩ ለባንኩ ዕዳ ነውና። አንቺ ይህን ስትመልሺ የዱቤውን ደብተር አንስተሽ ብታስረጂ ማን እንደሚረሳሽ እንጃ።

ስለዚህ አምና «ምንም» ላልሽው ጥያቄ ዘንድሮ የሚከተለውን የመሰለ መልስ ሊኖርሽ ይችላል፦ «ከተመረቅሁ በኋላ እናቴ ስለታመመች ደብረ ብርሃን ሆኜ እያስታመምኳት የቤተሰባችንን ሱቅ አስተዳድሬአለሁ። በዱቤ ሒሳብ ላይ ከደንበኛ ጋር አለመግባባት ሲፈጠር እያንዳንዱ ደንበኛ የራሱ ደብተር እንዲኖረውና በሁለቱም ላይ እንዲፈረም አደረግሁ። አሁን እናቴ ስለተሻላት በተማርኩበት ሙያ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።» ይህን እንደ ናሙና እዪው እንጂ አታጥኚው። በየማታው ሽያጩን ከገንዘቡ ጋር ታመሳክሪ ከነበረ ጨምሪበት፤ ካልነበረ ተዪው። የእናትሽን ሕመም ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አታብራሪው፤ ጠያቂዎቹ ሊያውቁ የሚፈልጉት ጉዳዩ አልፎ ሥራ መጀመር የምትችዪ መሆንሽን ነው። ቀጥሎ «ሽማግሌውስ ምን ሆኑ?» ብለው ሊጠይቁሽ ይችላሉ። ለእኔም አልነገርሽኝም፤ ተመልሰው መጡ? ከእናትሽስ ጋር ታረቁ? መጨረሻው ያላማረ ቢሆን እንኳ እንደሆነው ንገሪያቸው፤ ተከታይ ጥያቄን የሚቋቋመው በእርግጥ የተፈጸመ ነገር ብቻ ነው።

የጓደኛሽ ሐሳብ የሚያሰጋኝም በዚሁ ምክንያት ነው። ክፉ አስባ ነው አልልም፤ ባዶ እጅሽን እንዳትሄጂ ነው የምትፈልገው። ነገር ግን አስቢው። ማስታወቂያው ዜሮ ዓመት ነው ያለው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ማንም ያልጠየቀሽን ነገር ይሞላል። ሁለተኛ፣ ከግል ድርጅት የሚቀርብ የሥራ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲቀርብ ብዙ ቀጣሪዎች ይጠይቃሉ። ሁለት ዓመት ደመወዝ ተከፍሏት የነበረች ሠራተኛ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የጡረታ መዋጮ መዝገብም ይኖራታል፤ ከደመወዟ 7 በመቶ፣ ከአሠሪዋ ደግሞ 11 በመቶ በየወሩ ለጡረታ ገቢ መሆን ነበረበት። የአንቺ ደብዳቤ ከጀርባው ይህ ሁሉ የለውም። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህ ሁሉ ቀርቶ ማንም ባያጣራው እንኳ፣ «እዚያ ድርጅት የቀኑን ሒሳብ የምትዘጉት እንዴት ነበር?» የሚል አንድ ተራ ጥያቄ ቢመጣ የምትመልሺው ነገር አይኖርሽም። የምታውቂውን ሱቅ ደብቀሽ የማታውቂውን ቢሮ መከላከል ይሆንብሻል። ለጓደኛሽ አመስግነሽ «ለዚህ መደብ ልምድ አልጠየቁም፤ ይልቅስ አንድ ቀን ተቀምጠሽ ጥያቄ ጠይቂኝ» ብትያት ፍቅሯን በሌላ መንገድ ልትጠቀሚበት ትችያለሽ።

የአጎትሽ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ለአጎት «እምቢ» ማለት በእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰው «ያለ ዘመድ ሥራ የለም» ብሎ እንደሚያምን፣ ይህም ከሜዳ ተነሥቶ የመጣ እምነት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም የጽሑፍ ፈተናውን ያለፍሽው በማንም ስልክ አይደለም። ጠያቂው ሰው ስምሽን አስቀድሞ ሰምቶ ቢሆን፣ ብትቀጠሪም የገባሽው በራስሽ ይሁን በአጎትሽ ሁልጊዜ ስትጠራጠሪ ትኖሪያለሽ፤ ሰውየውም ጠንቃቃ ከሆነ እንዳያዳላ ሲል ከሌላው ይልቅ ሊጨክንብሽ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ብትይው ምን ይመስልሻል? «ጋሼ፣ ስላሰብክልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ግን በራሴ ልሞክረው፤ ካለፍኩ በኋላ የምቸገርበት ነገር አለ፣ ያኔ አንተን ነው የምጠይቀው።» ይህን የምልሽ እሱን ለመሸንገል አይደለም። ገንዘብ የሚነካ ሠራተኛ ባንኮች ሲቀጥሩ ዋስ እንዲያቀርብ ይጠይቃሉ፤ ብዙውን ጊዜም ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫ ማምጣት ይኖርበታል። አዲስ ተቀጣሪዎች ፈተናውን አልፈው በዋስ እጦት የሚንገላቱበት ጊዜ አለ። አጎትሽ ደመወዝተኛ ከሆነ ለዚያ ቀን ያስፈልግሻል።

ስለ መደናገጡ ደግሞ እንነጋገር። ቃል በቃል የተጠና ጽሑፍ እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ፍሬው ሁሉ ይበተናል። አንቺም የሆንሽው ይህንኑ ነው እንጂ ችሎታ አንሶሽ አይደለም። በዚህኛው ጊዜ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን ነጥብ ያዢ፦ ምን እንደተማርሽ፣ ሁለቱን ዓመት ምን እንደሠራሽ፣ ለምን ይህን መደብ እንደፈለግሽ። ሦስቱን ነጥቦች በየቀኑ ድምፅሽን አውጥተሽ፣ ግን በየጊዜው በተለያየ ቃል ተናገሪያቸው፤ አንድ ቀን በአማርኛ፣ አንድ ቀን በእንግሊዝኛ። በስልክሽ ቅጂውና አዳምጪው፤ መጀመሪያ ላይ የራስን ድምፅ መስማት ያሳፍራል፣ ከሦስትና ከአራት ቀን በኋላ ግን ይለመዳል። ወንድምሽ ደግሞ መሐል ላይ እያቋረጠ ይጠይቅሽ፤ የሚያስፈልግሽ ልምምድ ተቋርጦ መቀጠል ነውና።

በእንግሊዝኛ ሲጠይቁሽ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ይበቃሉ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ የምታነጋግረው በአብዛኛው በአገርኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነው፤ እንግሊዝኛው የሚታየው ቅጽና ደብዳቤ መረዳትሽን ለማወቅ ነው ብዬ አስባለሁ። ሐሳቡ በመሐል ከጠፋብሽ ዝም ከምትዪ «ይቅርታ፣ ጥያቄውን ይድገሙልኝ» በይ፤ ወይም «ይህን በአማርኛ ባስረዳ ይፈቀድልኛል?» ብለሽ ጠይቂ። ሊፈቅዱልሽ ይችላሉ፤ ባይፈቅዱም ጥያቄው ራሱ ትንፋሽ መግዣ ይሆንሻል።

ከሙያው በኩል የቀረውን ጊዜ በሁሉም የኮሌጅ ደብተሮችሽ ላይ አትበትኚው። በቁጠባና በተንቀሳቃሽ ሒሳብ መካከል ያለውን ልዩነት፣ ቼክ ሲቀርብልሽ ምን ምን እንደምታዪ፣ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት ምን እንደሆነ፣ ሒሳብ ለሚከፍት ሰው ማንነቱ ለምን በጥንቃቄ እንደሚጣራና የፋይዳ መታወቂያ ለዚህ እንዴት እንደሚያገለግል በራስሽ ቃል ማስረዳት ቻዪ። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ከድረ ገጹ አውርደሽ የተቀማጩን መጠን፣ የቅርንጫፎቹን ብዛትና ያተረፈውን ተመልከቺ። ስለ ዘርፉም ጥቂት ነገር መያዝ ይጠቅማል፦ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉን፣ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ማሳደጉን፣ የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር መክፈቱን። እነዚህን እንደ ዜና አንባቢ ከመዘርዘር ይልቅ «ስለዚህ ደንበኛን በአገልግሎት መያዝ ከበፊቱ ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል» ወደሚል ከመደብሽ ጋር የሚገናኝ ሐሳብ አምጫቸው።

ጠባይን የሚፈትኑ ጥያቄዎችም ይመጣሉ። «በቀኑ መጨረሻ 500 ብር ቢጎድልሽ ምን ታደርጊያለሽ?» ሲባሉ «ከኪሴ እተካለሁ» የሚሉ ቅን ልጆች አሉ፤ ቅንነቱ ጥሩ ሆኖ መልሱ ግን ስሕተት ነው። ገንዘቡን እንደገና ትቆጥሪያለሽ፣ የቀኑን ደረሰኞች አንድ በአንድ ታመሳክሪያለሽ፣ ካልተገኘ ሳትደብቂ ለኃላፊሽ ታሳውቂያለሽ፤ መጨረሻ ላይ ከኪስሽ የሚከፈል ቢሆን እንኳ መመዝገብ አለበት። «ተራ ሳይጠብቅ የሚጮህ ደንበኛ ቢመጣስ?» ቢሉሽ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የኖረ ሰው መልስ አያጣም።

አንድ ጥያቄ ግን አለ፣ ከሁሉም በፊት ቤት ውስጥ መመለስ ያለበት። ማስታወቂያው የሥራ ቦታውን ባንኩ በሚመድበው ቅርንጫፍ ነው ይላል፤ ጠያቂዎቹም ይህን ሳያነሡ አይቀሩም። በደብዳቤሽ እናትሽ እንደተሻላት፣ ወንድምሽም እንደሚያግዛት ጽፈሻል፤ ሆኖም ሩቅ አገር ብትመደቢ ምን እንደሚሰማሽ አልጻፍሽም። ምናልባት ከፍርሃትሽ ከፊሉ ብትቀጠሪ እናትሽን ትተሽ የምትሄጂ መሆኑ ይሆን? እንደዚያ ከሆነ አሁኑኑ ከእሷና ከወንድምሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፦ መድኃኒቷን ማን ይከታተላል? ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን ማን አብሯት ይሆናል? እሷ ራሷስ ምን ትላለች? እናቶች «ሂጂ ልጄ» ለማለት ከእኛ ይልቅ ፈጣኖች እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይሁንታዋን በጆሮሽ ስሚው። ከተስማማችሁ «በየትኛውም ቅርንጫፍ እሠራለሁ» ስትዪ ድምፅሽ አይንቀጠቀጥም። ካልተስማማችሁ ደግሞ «ለደብረ ብርሃን አካባቢ ብመደብ እመርጣለሁ፤ ነገር ግን የባንኩን ምደባ እቀበላለሁ» ማለት የምትችዪው በእርግጥ የምትቀበዪው ከሆነ ብቻ ነው። ተቀጥሮ በሳምንቱ ዝውውር የሚጠይቅ ሠራተኛ ማንም አይወድም።

ስለ ደመወዝ ከጠየቁሽ ባንኮች ለጀማሪ የወሰኑት ስኬል ስላላቸው «በባንኩ ስኬል መሠረት» ማለት ይበቃል። ቁጥሩ ሲነገርሽ የሥራ ግብርና የጡረታ 7 በመቶ እንደሚቀነስበት አትርሺ፤ አዲስ አበባ ብትመደቢ የቤት ኪራይ የምትከፍዪው ከተጣራው ነው። የሙከራ ጊዜም ይኖራል፤ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም።

ጉዞውን በተመለከተ አደራ የምልሽ በዕለቱ ጠዋት እንዳትነሺ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም መንገድ መንገድ ነው፤ ላምበረት መናኸሪያ ከደረስሽ በኋላም የከተማው የታክሲ ሰልፍ ይጠብቅሻል። ዋዜማውን ገብተሽ ከዘመድ ቤት እደሪ። ቀጠሮው ከጠዋቱ 2፡30 ከሆነ 2፡00 ላይ በር ላይ ሁኚ፤ መታወቂያ ማስመዝገብና ፍተሻ ጊዜ ይወስዳል። ጊዜያዊ ዲግሪሽን፣ የትምህርት ውጤት ዝርዝርሽን፣ የመውጫ ፈተና ውጤትሽንና መታወቂያሽን ዋናውንና ኮፒውን በአንድ ፋይል አድርጊ። ልብስ ለመግዛት አትበደሪ፤ ንጹሕና የተተኮሰ ሸሚዝ ከጥቁር ቀሚስ ወይም ሱሪ ጋር ይበቃል፤ ጫማሽ ግን አዲስ አይሁን፣ እግር የሚጨመድድ ጫማ ሐሳብ ይሰርቃል።

ከቃለ መጠይቁ ስትወጪ፣ ታክሲ ላይም ቢሆን፣ የተጠየቅሽውን ሁሉ በስልክሽ ማስታወሻ ላይ ጻፊው፤ የመለስሽበትን መንገድና የተደናቀፍሽበትንም ጨምሪ። የግል ባንኮች ለጀማሪ የሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ይህኛው ባይሳካ ለሚቀጥለው ባንክ ግማሹን ዝግጅት ጨርሰሽ ትጠብቂያለሽ። ውጤቱ እስኪነገር ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በዚያ መሐል ሌሎች ማስታወቂያዎችን መከታተልሽንም አታቁሚ፤ ጥሪ ከመጣ ደግሞ የዋሱን ጉዳይ በዚያው ቀን ለአጎትሽ አንሺለት።